ወንበሩን አልመልስም

ጋሼ መኪናዋን ይዞ የመጣ ዕለት ጥሩምባውን ሦስት ጊዜ ነፋ፤ አንዱን ለእህቱ፣ ሁለቱን ለጎረቤት።

እህቱ ጋራዦች ትከሻ ለትከሻ በተደረደሩበት መንገድ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ የመኪና ወንበር ትሰፋለች። ቀጭን ስለሆነችና አንድ ነገር ከያዘች በሌላው በኩል ካልወጣች ስለማትለቅ ቤተሰቡ ከልጅነቷ ጀምሮ "መርፌ" ይላታል። ሙያው የመጣው ከቅጽል ስሙ በኋላ ነው፤ ሰው ግን ሁሌ የተገላቢጦሽ ይመስለዋል። ታላቅ ወንድሟን ጋሼ ነው የምትለው። አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን ጥሎ መሪ የጨበጠ፣ እሷን አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ ያበቃት፣ የመጀመሪያዋን የስፌት መኪና የገዛላት እሱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው አውቶቡስ ነድቶ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣ። አሁን ገና፣ በስንት ጊዜው፣ በራሱ ስም መኪና ሊገዛ ነው። ያውም እንዲህ ያለች መኪና።

ነጭ ናት። ቁመቷ ከመርፌ ይበልጣል። ጣሪያዋ መስታወት፣ ወንበሯ ሰባት፣ በሯ ሲዘጋ የማይጮህ፤ "ድፍ" ብሎ ብቻ ዝም የሚል። ከሥር በሞላ ፋንታ በአየር የምትቆም፣ ሰው ሊገባ ሲል ዝቅ፣ ገብቶ ሲያበቃ ከፍ የምትል።

"እጅ ትነሳለች እኮ!" አለ ጋሼ፣ ቁልፉን እየነካ ዝቅ ከፍ እያደረጋት። "አየሽ? ለእኔ! ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለሰው ስጎነበስ ኖሬ።"

"ገዛሃት እንዴ?"

"ሐሙስ እንፈራረማለን። ደላላው አምኖኝ ለሦስት ቀን ሰጠኝ። የሾፌሩ ወንበር ጎኑ ትንሽ ተልጧል፣ እሱን ብቻ አሳምሪልኝ። ቆዳውን ራስሽ ምረጪ፤ ዓይንሽን አምናለሁ።"

ይህን ብሎ በታክሲ ሄደ። ማክሰኞ ጠዋት ነበር።

የመኪና ወንበር ለሌላው ሰው ስፖንጅና ቆዳ ነው። ለመርፌ ግን በጎኑ ባሩድ የተቀበረበት ዕቃ ነው። በአዳዲሶቹ መኪናዎች የወንበሩ ጎን ውስጥ ኤርባግ አለ፤ መኪናው ከጎን ሲመታ ቆዳውን ቀድዶ የሚወጣ የአየር ከረጢት። እዚያ ላይ የማይሆን ክር ያሳለፈ ሰፊ፣ ሰው ገደለ ማለት ነው። ስለዚህ መርፌ ልማድ አላት፦ ባትሪውን ሳትፈታ ወንበር አትነካም፣ የሻንሲ ቁጥሩን በፋብሪካው ድረ ገጽ ላይ አስገብታ ሳታይ ደግሞ መቀስ አታነሳም። ፋብሪካ አንዳንዴ ከሸጠ በኋላ ጉድለት ያገኝና "አምጡልኝ፣ በነፃ ልጠግን" ብሎ መኪናዎቹን መልሶ ይጠራል። ሪኮል ይሉታል። የትኛው ተጠርቶ እንደተሠራ፣ የትኛው ተጠርቶ እንደቀረ ቁጥሩ ይናገራል።

የባትሪውን ገመድ ነቀለች፣ ጥቂት ጠብቃ አራቱን ቡሎን ፈታች፣ ወንበሩን አቅፋ ወደ ጠረጴዛዋ ወሰደችው። ከዚያ በፊት መስታወቱ ጥግ ላይ የተጻፉትን አሥራ ሰባት ፊደልና ቁጥሮች በስልኳ አስገብታ ነበር። ገጹ ለረጅም ጊዜ ሲሽከረከር ቆይቶ ተከፈተ።

ሁለት ጥሪ ነበር። አንደኛው የኋላ በር መቆለፊያ፤ "ተሠርቷል" ይላል። ሁለተኛው በቀይ ተጽፏል። የሾፌሩ ወንበር የጎን ኤርባግ፤ ከረጢቱን የሚነፋው የብረት ቆርቆሮ ሲፈነዳ ተሰነጣጥቆ ስብርባሪው ተቀማጩ ላይ ሊረጭ ይችላል። "አልተሠራም።"

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ጠረጴዛዋ ላይ ጋደም ያለውን ወንበር አየች። ጋሼ በግራ ጎኑ ደገፍ ብሎ፣ ክንዱን መስኮት ላይ ጥሎ ነው የሚነዳው። ሁሌም እንደዚያ ነው።

መቀሱን ሳታነሳ ተወችው። ቁጭ ብላ እንዲያው ስለ መኪናዋ ሌላም ሌላም ማንበብ ጀመረች። ያንኑ ዓይነት የገዙ ሰዎች የሚያማርሩበት ገጽ ነበር። ማርሹ አንዳንዱን ሰው አሳብዷል። አየሩ ደግሞ ከስምንት ዓመት በኋላ መክዳት ይጀምራል፤ ማታ ቀጥ ብላ ያቆሟትን ጠዋት እንደ ግመል ተንበርክካ ያገኟታል። ይቺ ነጭ መኪና ዘጠነኛ ዓመቷ ነው።

ጋሼ ስትደውልለት ከሰዓት መጣ።

"ጋሼ፣ ይቺ መኪና ተጠርታለች።"

"ማን ጠራት?"

"ፋብሪካው። ወንበርህ ውስጥ ያለው ኤርባግ..." ብላ ስልኩን ሰጠችው፣ አስረዳችው፣ በጣቷ ቦታውን አሳየችው። እሱ ስልኩን አርቆ፣ አቅርቦ፣ መልሶ አርቆ አነበበ።

"ሊረጭ ይችላል ነው እንጂ ይረጫል አይልም።"

"ጋሼ!"

"ሊዘንብ ይችላል ስለተባለ ጎርፍ መጣ ማለት ነው?"

ስለ ማርሹና ስለ አየሩም ነገረችው። ግመል ስትለው ሳቀ።

"ሰው ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ደግ ነገር ጽፎ ያውቃል? መኪናው ደህና የሆነለት ሰው እየነዳ ነው፣ መቼ ይጽፋል? መርፌ፣ እኔ መኪና በድምፁ ነው የማውቀው። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ሰው ላይ ጉዳት አላደረስኩም። አንቺ ወንበርሽን ስፊ።"

ወንበርሽን ስፊ። ይህን ቃል ከደንበኛ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች፤ ከእሱ ግን የመጀመሪያዋ ነው። 

ረቡዕ ጠዋት ክፍሏን ቆልፋ መኪናውን ወደሚያስመጣው ድርጅት ሄደች። ወለሉ ፊት ያሳያል። ተራ ቁጥር ሰጧት፤ አርባ ስድስት። ሰሌዳው ላይ አሥራ ዘጠኝ ይላል። ሰዓቱ እየነጎደ ሠላሳ ሁለት ላይ ሲደርስ ሠራተኞቹ ለሻይ ተነሱ። ተራዋ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስትቀርብ ጥፍሯን በጥንቃቄ የተቀባች ወጣት ሠራተኛ ቁጥሩን መታችና ራሷን ነቀነቀች።

"አዎ፣ አልተሠራም። ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ልከናል። መልስ የለም።"

"ዕቃው አለ?"

"ይታዘዛል።"

"እንግዲያው ይታዘዝልኝ።"

"ባለቤቷ ነሽ?"

"አይደለሁም። ወንድሜ ሊገዛት ነው።"

"ባለቤቱ ሊብሬ ይዞ ካልመጣ ማዘዝ አንችልም።"

"ባለቤቱ ማነው?"

"የደንበኛ ስም አንናገርም።"

መርፌ ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገች። "እሺ እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። እስኪሠራ ድረስ ሰው ይንዳት ወይስ አይንዳት?"

"እኔ ንዱ አልልም፣ አትንዱም አልልም።"

"ታዲያ ማን ነው የሚለው?"

"የቴክኒክ ክፍል። እነሱ ደግሞ የሚያናግሩት ባለቤቱን ነው" አለችና አርባ ሰባትን ጠራች።

ከዚያ ደላላውን ፈለገችው። ሰዉ ሁሉ "ከረሜላ" የሚለው ደላላ ነው፤ አፉ ጣፋጭ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሁሌ በሁለት ስልክ የሚያወራ። የባለቤቱን ስልክ ስትጠይቀው ደረቱን ያዘ።

"እህት ዓለም፣ ባለቤቶቹ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ በእኔ በኩል ነው የሚነጋገሩት። ሪኮል ነው ያስጨነቀሽ? ወረቀት አለኝ። ዛሬውኑ አመጣዋለሁ።"

አመጣም። ከሰዓት በኋላ ጋሼን አስከትሎ፣ ወረቀቱን እንደ ሰርግ ጥሪ በሁለት እጁ ይዞ ገባ። ክብ ማህተም፣ ፊርማ፣ ቀን፤ ሁሉም አለው።

"ይኸው!" አለ ጋሼ። "ማህተም አለው!"

መርፌ አነበበችው። "ይሄ የኋላ በር መቆለፊያ ነው። እሱማ መሠራቱን አውቃለሁ። እኔ የምለው ስለ ወንበሩ ነው።"

"ሪኮል ተሠርቷል ይላል አይደል?" አለ ከረሜላ።

"አንደኛው! ሁለት ናቸው!"

"እህት ዓለም፣" አለ ከረሜላ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ "አንድ ነገር ልንገርሽ። ፋብሪካ የሚጠራው የሚያከብረውን መኪና ነው። ርካሽ መኪና ተጠርቶ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? መጠራት እኮ ክብር ነው!"

ጋሼ ከት ብሎ ሳቀ። ከደላላው ጋር፣ ትከሻውን መታ እያደረገ። የመርፌ ጆሮ ጋለ። ሳቁ ነው ያቃጠላት፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

"ጋሼ፣ እንደ ልጅ አትሁን" አለች ሳታስበው።

ሳቁ ቀጥ አለ። 

"ምን አልሽ?"

"ያልኩትን ሰምተሃል።"

"ወንበሩን ግጠሚ። የተላጠውንም ተይው፣ እንደነበረ ግጠሚው። ነገ እፈርማለሁ።"

"አልገጥምም።"

"ወንበሬን መልሺ አልኩሽ!"

"ወንበርህ አይደለም ገና። ባለቤቱ መጥቶ ይጠይቀኝ። ለባለቤቱ ካልሆነ ወንበሩን አልመልስም።"

ከረሜላ መጀመሪያ የቀለደች መሰለው። ከዚያ በሥራዋ ላይ ሊመጣ የሚችለውን መዓት ሁሉ ቆጠረላት፤ ክስ፣ ፖሊስ፣ የስም መጥፋት። ጋሼ ግን እሷን አያይም። በብስጭት ጥግ ያለውን የክር ሳጥን አነሳና ወደ መኪናዋ ሄደ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አለችው።

"ሳጥን ላይ ተቀምጬ እነዳታለሁ። አውቶቡስ በተሰበረ ወንበር ስንት ከተማ ነድቻለሁ!"

ሳጥኑን የሾፌሩ ቦታ አስቀምጦ ወጣበት። ጭንቅላቱ የመስታወቱን ጣሪያ ነካ። መሪው ጉልበቱ መሀል ገባ። ቁልፉን ነካ፤ ዝም። መልሶ ነካ፤ ዝም። ባትሪው እንደተነቀለ ነው። መንገዱ ላይ የነበሩ መካኒኮች ሁሉ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወጥተው ያያሉ። ጋሼ ከመኪናዋ ወረደ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ ማንንም ሳያይ በእግሩ ሄደ።

መርፌ ሳቋ ሊመጣ ሲል እንባዋ ቀደመ። ያሳደጋትን ሰው በሰፈር ፊት አዋረደችው። ግን ወንበሩን አልገጠመችም።

ከረሜላ ኮሚሽኑ ሲያመልጠው ታየው መሰል ሐሙስ ጠዋት የመኪናዋን ባለቤት ይዞ መጣ። "ትልልቅ ሰዎች" ያላቸው አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ። ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ ረጅም፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ የሒሳብ መምህርት። ገና ከበር ላይ ሆነው፣

"ወንበሬን ይዛለች የተባልሽው አንቺ ነሽ?" አሉ፤ ክፍል ውስጥ የሚረብሽ ተማሪ እንደሚጠይቁ።

"እኔ ነኝ፣ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። መጀመሪያ ይቺን ይመልከቱልኝና ከዚያ የፈለጉትን ያድርጉኝ።"

ስልኩን ሰጠቻቸው። ከረሜላ ሊያቋርጥ ሲሞክር መምህርቷ እጃቸውን ብቻ አነሱ፤ ዝም አለ። እስከ መጨረሻው አነበቡ። ከዚያ ወንበሩ ወደተጋደመበት ጠረጴዛ ሄደው ቆሙ።

"ደብዳቤ ልከናል ነው የሚሉት?"

"ሦስት ጊዜ።"

ሴትየዋ ስልኩን መለሱላት። "መኪናዋ የባለቤቴ ነበረች። ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። በስሙ የሚመጣ ደብዳቤ አለ... መክፈት አልቻልኩም። መሳቢያ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። የመብራት ይሁን፣ የባንክ ይሁን፣ የመኪና ይሁን አላውቅም። ስሙን ሳይ እዘጋዋለሁ።" መነጽራቸውን አወለቁ። "ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄ ናት የነዳቻት። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ። ነፍሰ ጡር ሆና እንኳ።"

መርፌ ለተናዳጅ መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ ለዚህ አላዘጋጀችም። ያላትን አንድ በርጩማ አቧራውን ጠርጋ አቀረበችላቸው።

መምህርቷ ተቀምጠው ወደ ከረሜላ ዞሩ። "አንተ ታውቅ ነበር?"

"እኔ እንግዲህ፣ እትዬ፣ ወረቀቱ ላይ ሪኮል ተሠርቷል ስለሚል..."

"ታውቅ ነበር ወይ ነው ያልኩህ።"

ከረሜላ ሁለቱም ስልኮቹ ባንዴ የጠሩ ይመስል ኪሱን እየዳበሰ ወጣ።

የዚያኑ ቀን መኪናዋ ያለ ሾፌር ወንበሯ በጭነት መኪና ተጭና ወደ አስመጪው ሄደች፤ ወንበሩም በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከኋላዋ። መምህርቷ ሊብሬ ይዘው ስለቀረቡ ዕቃው ታዘዘ። ዘጠኝ ሳምንት ይፈጃል ተባለ። መርፌ ይህንኑ ለመንገር ለጋሼ ደወለች። አላነሳም። መልእክት ጻፈችለት፦ "ዘጠኝ ሳምንት ብቻ ጠብቅ፣ ከዚያ ግዛት።" አንብቦ ዝም አለ።

ዘጠኙ ሳምንት እንዲሁ አለፈ። ጋሼ መንገዱን እንኳ ቀየረ፤ በእሷ በኩል ያልፍ የነበረው ሰውዬ ዙሪያውን ሄዶ ዳቦ መግዛት ጀመረ። የአክስታቸው ልጅ ሲመረቅ ተገናኙ። ሰላምታዋን በአገጩ ተቀበለና ለተሰበሰበው ዘመድ፣ "ተጠንቀቁ፣ ወንበራችሁ ተጠርቶ እንደሆነ ታጣራለች!" አለ። ሁሉም ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ምን ታድርግ።

ይባስ ብሎ መምህርቷ አንድ ቀን ደወሉላት። መኪናዋ ተጠግናለች፤ ለልጃቸው ሊያስቀሯት ወስነዋል፤ ለምስጋና ደግሞ የሰባቱንም ወንበር ቆዳ እሷ እንድትቀይረው ይፈልጋሉ። መርፌ ደስ አላት። ወሬው ግን ጋሼ ጋ የደረሰው በሌላ መልኩ ነው።

"አየሽ፣" ብሎ ላከባት በሚስቱ በኩል፣ "መኪናዋ ምንም አልሆነችም። እንዲያውም ለራሳቸው አስቀሯት። ደህና ባትሆን ያስቀሯት ነበር?"

"እንዴ! ደህና የሆነችው ስለተጠገነች ነው!" ብላ ጮኸች መርፌ ስልኩ ውስጥ።

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ የኔ እናት፣" አለች የጋሼ ሚስት፣ "በይ ያለኝን ነው ያልኩሽ።"

ከዚያ ወር እንኳ ሳይሞላ ጋሼ ሌላ መኪና ገዛ። እንደዚያችው የተከበረች፣ ቀለሟ ጥቁር ሰማያዊ፤ ግን በሞላ የምትቆም። ግመሉ ነገር ሳያስፈራው አልቀረም፤ አፉን ሞልቶ ግን አላለም። ማንንም ሳያማክር ፈረመ። የፈረመ ዕለት ከሰዓት ሚስቱ ለመርፌ ደወለች፤ መታጠቢያ ቤት ተዘግታ ነው መሰል ድምፅዋ ያስተጋባል።

"የቁጥሩን ፎቶ ልኬልሻለሁ። እይልኝ። ለሱ ግን እንዳትነግሪው፣ ነግሬሻለሁ፤ ትዳሬን ታፈርሺዋለሽ!"

መርፌ የያዘችውን መርፌ ስፖንጁ ላይ ሰክታ ቁጥሩን አስገባች። ገጹ ተሽከረከረ፣ ተሽከረከረ። ኤርባጉ ደህና። ፍሬኑ ደህና። አንድ ጥሪ ብቻ አለ፤ የዝናብ መጥረጊያው ሞተር በኃይለኛ ዝናብ መሀል ሊቆም ይችላል። "አልተሠራም።"

"ትንሽ ነገር ናት" አለቻት። "በነፃ ይቀይሩታል፣ ግማሽ ቀን ነው። ግን ባለቤቱ ራሱ መሄድ አለበት።"

"ሪኮል ካልኩትማ አይሄድም።"



"አዲስ ለሚገዛ ሰው ነፃ እጥበት አላቸው በይው" አለች መርፌ።

ሄደ። ሚስቱ አስቀድማ መስኮቱ ጋ ላለችው ሠራተኛ ደውላ፣ መጥረጊያውንም እጥበቱንም ለማስያዝ ግማሽ ጠዋት የስልክ ሙዚቃ ስትሰማ አረፈደች።

በማግስቱ የመርፌ በር ላይ ጥሩምባ ጮኸ። ከሦስት ወር በኋላ ጋሼ ከነመኪናው ቆሟል፤ መኪናዋ ታጥባ እንደ መስታወት ታበራለች። ከመኪናው አልወረደም፤ መስኮቱን ብቻ ዝቅ አደረገና ክንዱን ጣለበት።

"ነይ እስቲ እያት። ያለ አንቺ ኢንተርኔት ነው የገዛኋት። በዓይኔ አይቼ፣ በጆሮዬ ሰምቼ።"

"ታምራለች፣ ጋሼ።"

"ክብር ያለው መኪና ስትገዢ እንዴት እንደሚያስተናግዱሽ ልንገርሽ? አጠቡልኝ። ሻይ ሰጡኝ። ሳልጠይቃቸው የዝናብ መጥረጊያዋን ሞተር አውጥተው አዲስ ገጠሙልኝ። በነፃ! ምንም ሳትበላሽ! አየሽ? ደህና መኪና ማለት እንዲህ ነው።"

መርፌ አፏን ከፈተች። የሚስቱ ፊት በሐሳቧ መጣባት፤ ያ የሚያስተጋባ ድምፅ። አፏን ዘጋች። መልሱን ለመዋጥ የአንድ አውቶቡስ ሙሉ መንገደኛ ትዕግሥት አስፈለጋት።

"እውነትህን ነው" አለች።

"እንዴ፣ አመንሽ?" አለ ጋሼ በጣም ተገርሞ። ከዚያ በሩን ከፈተላት። "ግቢ በይ። አንድ ዙር ላዙርሽ።"

እጇን በሽርጧ ጠርጋ ገባች። በሩን ዘጋችና ወገቧ ላይ ቀበቶውን አሠረች። ጋሼ ቀበቶውን አየ፣ እሷን አየ፣ ሊናገር ነበር፤ ተወው። ማርሹን አስገባና መንገዱን ተያያዙት።